የዐሥራ አንድ ደቂቃ እርማት

መስከረም ፲፬ ቀን

ከአፈር አበጅቶ እስትንፋስን በሰጠን በእግዚአብሔር ስም፣ ለእህቴ ልጅ፣ ለእኔም ልጄ ለሆንሽው፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? እኔ ከዐይኔ በቀር ደኅና ነኝ፤ ዐይኔም ቢሆን፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ከነሐሴ ወዲህ እምብዛም አልባሰበትም። እትዬ የምትያት ልጄ የስፌት መኪናዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ከጧት እስከ ማታ ታንጫጫዋለች። ሰላም ይበሉልኝ ብላለች።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለቱን በደስታ፣ ሦስተኛውን በማጉያ መነጽር።

በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ለዶክትሬት ትምህርት ላመልክት ብል ሰው ይስቅብኛል ወይ ላልሽኝ፣ የሚስቅ አይጠፋም። ነገር ግን መምህሬ ሰባ ዓመት አልፏቸው ከታናናሾቻቸው እግር ሥር ቁጭ ብለው የማያውቁትን ሲጠይቁ በዐይኔ አይቻለሁ። ዕውቀት ደጅ ጥናት ይወዳል፤ ደጅ ጥናት ደግሞ ለሽማግሌ ይቀላል፣ የትም ሮጦ አይሄድምና። አንቺ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያዋለድሽ፣ ሁለተኛውን ዲግሪ ከሥራ ሳትለዪ የጨረስሽ ሰው ነሽ። ምን ያስፈራሻል?

ሦስተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ጠባይሽን ለብዙ ዘመን ከሚያውቅ ሰው ይሁን ስለሚል እኔን ማሰብሽ አስደስቶኛል፤ አስቆኛልም። ቅጹ “አመልካቿን ከመቼ ጀምሮ ያውቋታል?” ሲለኝ “ከመወለዷ በፊት” ብዬ ልመልስ? ዘመድ ለዘመዱ ቢመሰክር ማን ይሰማዋል? ይልቅስ ያቺን ከድምፅዋ የተነሣ ሳጅን የምትሏትን የማዋለጃ ክፍሉን ኃላፊ ጠይቂያት። እኔ የምመሰክረው በጸሎት ነው፤ እናትሽ ዐርፋ ከልጄ ጋር በአንድ አልጋ ካሳደግሁሽ ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ዋሽተሽኝ አታውቂም ብዬ።

አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። ምን እንደምታጠኚ ሳትነግሪኝ አራት ገጽ ሞላሽ። ምነው፣ ለሽማግሌ የማይነገር ነገር ነውን?

አጎትሽ

—

መስከረም 29

የተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎ። መልስዎን ሳነብ ሳቅሁ፤ ከዚያም የመጨረሻዋን ጥያቄዎን አይቼ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። ያዘገየኝ እርሱ ነው፤ ይቅርታ።

የሚነገር ነገር ነው። የማጠናው ሞተው ስለሚወለዱ ሕፃናት ነው። በሆስፒታላችን የማዋለጃ ክፍል የሰባት ዓመት መዝገብ አለ። እርስዎ ብራና ላይ እንደሚያሰምሩት በቀይና በጥቁር የተሰመረ ትልቅ ደብተር ነው፤ እያንዳንዱ ወሊድ አንድ መስመር ይይዛል። ከሥራ በኋላ እየቆየሁ ሁሉንም ቆጠርኩ። “ሞቶ የተወለደ” የሚለው አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። በጣም ብዙ ነው። አማካሪ ሊሆኑኝ የፈቀዱት ፕሮፌሰር ቁጥሩን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ። “እነዚህ ልጆች ሆስፒታል ሳይደርሱ በማኅፀን የሞቱ ናቸው፤ ጥናትሽ በእርግዝና ክትትል ላይ ይሁን” አሉኝ። ማመልከቻው የሚዘጋው ታኅሣሥ 20 ነው።

ቀላል ትመስላለች እንጂ ያስቸገረችኝ በቅጹ ላይ ያለች አንዲት ሳጥን ናት። “የማስረጃዎ ውስንነት ምንድን ነው?” ትላለች። በቁመቷ ከክብሪት ቀፎ አትበልጥም። ሁሉን ሞልቼ እሷ ብቻ ባዶ ቀርታለች።

እስቲ ከሙያዎ አንድ ነገር ይንገሩኝ። መጽሐፍ ሲገለብጡ፣ የሚገለብጡበት መጽሐፍ ራሱ ስሕተት ቢኖርበት ምን ያደርጋሉ? ስሕተቱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ቢሆኑስ?

ዐይንዎን ደግሞ ሐኪም ይየው። ሞራ ከሆነ የሚገፈፈው ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። እባክዎ።

ልጅዎ

—

ጥቅምት ፲፩ ቀን

ለልጄ፣ የአምላክ ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን።

የእጅ ጽሕፈቱ ተለውጦ ብታዪው አትደንግጪ። እኔ እናገራለሁ፣ እህትሽ ትጽፋለች። ዐይኔ ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ጨርሶ ጭጋግ ሆነ፤ ያለፈውን ደብዳቤሽንም ያነበበችልኝ እርሷ ናት። ከእንግዲህም የምታነብልኝ እርሷው ናት። ስለ ሐኪሙ የምትነዘንዢኝን ነገር፣ አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም። እኔ ደግሞ ያለኝ የአንድ ዐይን ግማሽ ነው።

(እትዬ ነኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ቢላዋውን ፈርተው ነው። አሁን “ምን ጻፍሽ?” አሉኝ፤ “ነጥብ” አልኳቸው።)

ስለ መጽሐፉ የጠየቅሽውን ልመልስ። የምገለብጥበት መጽሐፍ ስሕተት ቢኖርበት ስሕተቱን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ከበላዩ ሁለት ቀይ ነጥብ አኖራለሁ፤ እርማቱን በኅዳጉ፣ በገጹ ጠርዝ፣ እጽፋለሁ። ፍቄ ባስተካክለው ገጹ ያምራል፤ ነገር ግን ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ምን እንደ ነበረና ማን እንዳረመው ሊያውቅ አይችልም። ስሕተት ይታረማል እንጂ አይሰወርም። የተሰወረ ስሕተት ልጅ ይወልዳል፤ ከእርሱ የሚገለበጠው ሁሉ እርሱን መስሎ ይወጣልና።

ይህን የምልሽ ንጹሕ ስለ ሆንሁ አይደለም። በወጣትነቴ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ስገለብጥ ዐይኔ ከአንዱ ቃል ወደ ታችኛው፣ ያንኑ ወደ መሰለው ቃል ዘለለና አንድ ሙሉ መስመር አስቀረሁ። ያወቅሁት መጽሐፉ ተጠርዞ ካለቀ በኋላ ነው። በዓመት አንድ ቀን የሚነበብ ገጽ ነው፤ ማን ያስተውለዋል ብዬ ሆዴ ይፍጀው አልሁ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ያ ገጽ ሲነበብ እግሬን የጋለ አሸዋ ላይ እንደ ቆመ ሰው እያነሣሁ እጥል ነበር። በመጨረሻ በጉባኤ ፊት ተነሥቼ ተናገርሁ። የደብሩ አለቃ ምን አሉኝ መሰለሽ? “እኛማ ትርጉሙ የጠፋን የእኛው ድንቁርና መስሎን ነበር።” አየሽ፣ የእኔ ዝምታ ሰዎቹን ራሳቸውን እንዲጠረጥሩ አድርጓቸው ነበር።

በሳጥኗ ውስጥ የሚጻፈው ምን እንደ ሆነ ግን አልነገርሽኝም።

አጎትሽ

—

ኅዳር 2

የተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ቤተ ሰቡ ሁሉ እንደምን አለ? ጎረቤቶችዎንም ሁሉ በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። የትምህርት ማስረጃዎቼን በሙሉ አረጋግጬ ልኬያለሁ፤ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤዎችም ደርሰውልኛል። አየሩ ቀዝቅዟል።

ስለ ሳጥኗ አሁን የምጽፈው የለኝም። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ሌላ ሰው ይገኝ ይሆን? እትዬ ሥራ ይበዛባታል ብዬ ነው። በስልክም እንዳልነግርዎ ጆሮዎ ስልክ ላይ ይሰንፋል፤ ስልኩም የእሷ ነው።

እትዬ አሁን እንቅልፍ በደንብ ይወስዳታል?

ልጅዎ

—

ኅዳር ፲፱ ቀን

ልጄ ሆይ፣

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ፣ በዳበሳ ነው። ወረቀቱን እንደ ብራና በጥፍሬ አስምሬ በመስመሩ ላይ እየዳሰስሁ እጓዛለሁ፤ ፊደሉ ፊደል ላይ ቢወጣ ይቅር በዪኝ። እህትሽ ልብስ ልታደርስ ወጥታለች። እኔ መጻፍ እችላለሁ፤ የጻፍሁትን ግን ማንበብ አልችልም።

ደብዳቤሽን ስታነብልኝ “ሌላ ሰው ይገኝ ይሆን” የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አልተለወጠም። እጥፍ አድርጋ ሰጠችኝና “ምን በድያት ነው?” አለችኝ። 

እንቅልፍ ስለ መውሰዷ መጠየቅሽን ሳስብ ሰነበትሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ጠይቀሽው አታውቂም። እህትሽ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አንቺ ወዳለሽበት ሆስፒታል የመጣችው፣ አንቺ ካለሽ ክፉ አያገኘኝም ብላ ነበር። ልጁ ሞቶ ተወለደ ተባልን። አንቺም በዚያው ቀን እንደዚሁ ነገርሽን። እርስዋ ግን “ከመጋረጃው ወዲያ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ” አለች። አንቺን ጠየቅሁሽ፤ “የጎረቤት አልጋ ሕፃን ነው” አልሽኝ። አመንሁሽ።

አሁን ከአንቺ የሸሸግሁትን ልንገርሽ። ቤት ከገባች በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ያንን ድምፅ ታነሣ ነበር። ባለቤቷ ሲሰማት ከቤት ይወጣል። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ተቆጥቼ፣ “የሌለ ድምፅ መስማት የጠላት ሥራ ነው፤ ሁለተኛ እንዳልሰማሽ” አልኋት። ከዚያ ወዲያ አላነሣችውም። እኔም መካሪ የሆንሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ልጄ፣ በዚያች ሳጥን ውስጥ የሚገባው ይህ ነውን?

እንደ ሆነም እንዳልሆነም መልሱን ጻፊ። ነገር ግን እኔ ማንበብ እንደማልችል፣ የምታነበውም እርስዋ እንደ ሆነች ዐውቀሽ ጻፊው። ሌላ አንባቢ አልፈልግም።

አጎትሽ

—

ታኅሣሥ 8

እትዬ፣

ይህን ለአባባ ጮክ ብለሽ ከማንበብሽ በፊት ተቀመጪና ብቻሽን አንብቢው። ደብዳቤው ያንቺ ነው። ስድስት ዓመት ዘግይቷል።

የሰማሽው እውነት ነው። የጎረቤት አልጋ ባዶ ነበር። ያለቀሰው ልጅሽ ነው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ተወለደ። ከበሩ በላይ ያለውን የግድግዳ ሰዓት አይቻለሁ። አንቺ ብዙ ደም እየፈሰሰሽ ስለ ነበር ሐኪሙ ካንቺ ጋር ቀረ፤ እኔ ልጁን ይዤ ከመጋረጃው ወዲያ ወዳለው ጠረጴዛ ሄድኩ። አንድ ጊዜ አለቀሰ፤ ከዚያ ትንፋሹ ያዝ ለቀቅ ማድረግ ጀመረ። ሕፃን የሚያስተነፍሰው የጎማ ፊኛ ከነጭንብሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ እንዳይጠፋ ተብሎ። ቁልፉ ሳጅን ኪስ ውስጥ፣ ሳጅን ስብሰባ ላይ። ሰው ላክሁ። በአፌ ነፋሁለት። ቁልፉ ሲመጣ ሰዓቱ ሰባት ከሃያ ስድስት ይል ነበር፤ ልጁም አልፏል። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ኖሯል።

መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳጅን ከጎኔ ቆማ፣ “ሞቶ የተወለደ ብለሽ ጻፊ። ኖሮ ሞተ ካልሽ ሦስት ገጽ ቅጽና አጣሪ ኮሚቴ ይመጣል፤ ደግሞም ለእናትየዋ ይሻላታል። ነበረኝ ብላ ከምትኖር አልነበረም ብላ ትኑር” አለችኝ። ይህ የክፍላችን ልማድ ነው። ትንሽ ተንፍሰው የሚያልፉትን ሁሉ እንደዚያ እንጽፋለን፤ ምሕረት እንለዋለን። እኔም ምሕረት ነው ብዬ አምኜ ነበር። አባባ ሲጠይቁኝ የዋሸሁት ግን ለምሕረት አልነበረም። ቁልፉን ስለ ፈራሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊኛው ቁም ሣጥን ገብቶ አያውቅም፤ በምስማር ግድግዳው ላይ ሰቅየዋለሁ። ላንቺ ግን ምን ይጠቅምሻል?

ከአራት መቶ ዐሥራ ሁለቱ መስመሮች አርባ ሦስቱ የእኔ ጽሑፍ ናቸው። ከእነዚህ ዘጠኙ ተንፍሰው እንደ ነበር በእርግጥ አስታውሳለሁ። ባልደረቦቼ የጻፉት ስንቱ እንደ ሆነ አላውቅም። ስለዚህ ፕሮፌሰሩን ከወንበር ያስነሣቸው ቁጥር ሐሰት ነው። ሆስፒታል ሳይደርሱ የሞቱት ሁሉም አይደሉም፤ አንዳንዶቹ እጃችን ላይ ነው የሞቱት። ጥናቱ እንዳለ ቢሄድ መድኃኒቱ የሚላከው ሕመሙ ወደሌለበት ነው።

ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው። ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና “ሳጥኗ ግዴታ አይደለችም። ባዶ ብትተያት ማንም አይጠይቅሽም። ከሞላሻት ግን ያመለከትሽው በራስሽ ላይ ነው” አሉኝ።

ሞልቻታለሁ። “ከመዝገቡ ከፊሉ ሐሰት ነው፤ ከጸሐፊዎቹ አንዷ እኔ ነኝ” ብዬ። እስከ ታኅሣሥ 20 አልልከውም። ያንቺ መስመር እዚያ ውስጥ ስላለ አስቀድመሽ ማወቅ ይገባሻል ብዬ ነው። አትላኪው ብትዪኝ ማመልከቻውን እተወዋለሁ፤ ባዶ ሳጥን ግን አልልክም።

እህትሽ

—

ጥር 17

የተከበሩ አጎቴ፣ እትዬም፣

ደብዳቤዬ ደርሶ ይሆን? የፖስታ ቤቱ ሰው ሲያየኝ ገና ከሩቅ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። “ዛሬም የለም፤ ደብዳቤ እኔ አልጽፍ!” አለኝ ትናንት። መቆጣታችሁን ዐውቃለሁ። እባካችሁ ተቆጡኝና ጻፉልኝ።

ክልከላ ስላልደረሰኝ በቀኑ ላክሁት። በጥር መጀመሪያ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ስለ ናሙናና ስለ ስሌት ጠየቁኝ። ሦስተኛዋ ፀጉራቸው የሸበተ የሕፃናት ሐኪም ናቸው፤ ሳጥኗን ብቻ ነው ያነበቡት። “ይህን ለምን ጻፍሽው? ማንም አይደርስበትም ነበር” አሉኝ። “የምትደርስበት አንዲት እናት አለች” አልኳቸው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

መልሱ ሰኞ መጣ። በዚህ ዙር አልተቀበሉኝም። መዝገቡን ከእናቶቹ ቃል ጋር አስተያይቼ አዲስ ንድፍ ካቀረብኩ በሚቀጥለው ዙር እንደሚያዩት ጽፈዋል። ሆስፒታሉ ደግሞ ነገሩን ሰምቶ የሙያ ፈቃዴ እስኪመረመር ድረስ ወደ ክትባት ክፍል አዛውሮኛል። ሳጅን በአጠገቤ ስታልፍ ግድግዳውን ሰላም ትላለች።

ይህ ሁሉ ይቻላል። የእናንተን ዝምታ ግን አልቻልኩትም።

ልጃችሁ

—

ጥር 30

እትዬ ብለሽ ባትጀምሪው ኖሮ አላነበውም ነበር።

አርባ ቀን መሳቢያ ውስጥ፣ ከክር ማጠንጠኛዎቹ ሥር አስቀመጥኩት። አባባ “ደብዳቤ አልመጣም?” ሲሉኝ “አልመጣም” እላቸዋለሁ። ዋሸሁ፤ ካንቺ ተማርኩ። ያለፈው ሳምንት ሁለተኛው ደብዳቤሽ ሲመጣ ሁለቱንም አነበብኩላቸው፤ አንድ ቃል አልዘለልኩም። ስጨርስ “ድገሚው” አሉኝ። “ዐይንዎ ነው የታመመው ወይስ ጆሮዎ?” አልኳቸው። ግን ደገምኩት። ከዚያ አባባ፣ በሕይወታቸው ቤት ውስጥ ይቅርታ የሚል ቃል ከጸሎት ውጭ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ከወንበራቸው ወርደው እግሬን ዳበሱ። እንዳይወድቁ ብዬ አብሬ ወረድኩ። እዚያው ወለሉ ላይ ቆየን።

የስፌት መኪናዬን ለምን ከጧት እስከ ማታ እንደማላቆመው ታውቂያለሽ? ቤቱ ጸጥ ሲል ስለምሰማው ነው። ስድስት ዓመት አብጃለሁ ብዬ ነበር። ለባሌም፣ ለማንም ሳልናገር ራሴን እየጠበቅሁ ኖርኩ፤ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ይለይልኛል፣ ነገ ይለይልኛል እያልኩ። አላበድኩም ነበር። ይህን አንቺ ታውቂ ነበር።

ዛሬ መኪናዋን አቁሜ ነው የምጽፍልሽ።

ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም፤ ገና ነው። አንድ ነገር ግን መልሺልኝ። ሰዓቱን ጽፈሻል፤ ቁልፉን ጽፈሻል፤ ሳጅን ያለችውን ጽፈሻል። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ማን ታቅፎት ነበር?

—

የካቲት 7

እትዬ፣

እኔ።

መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ በአፌ እነፋለት ነበር። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ትንፋሹ እያነሰ ሲሄድ አንሥቼ በደረቴ ያዝኩት፤ ይዤውም እነፋለት ነበር። ከዚያ ወዲያ ከእጄ አልወረደም። ያንቺን ሹራብ ነው የጠቀለልኩበት፤ አረንጓዴውን። “ሹራቤ ጠፋ” ያልሽው እሱ ነው። ፊቱን ወደ መጋረጃው፣ ወዳንቺ ድምፅ በኩል አዙሬው ነበር፤ አንቺ ሐኪሙን “ልጄስ?” እያልሽ ነበርና ይስማሽ ብዬ። ቀኝ እጁ አውራ ጣቴን ይዟል። ሲለቀኝ ነው ሰዓቱን ቀና ብዬ ያየሁት።

ይህን የምጽፍበት ዐምድ በመዝገቡ ውስጥ የለም።

—

የካቲት ፳ ቀን

የሰጠውን እስትንፋስ አንዲቱንም በማይረሳ አምላክ ስም፣ ለልጄ።

ይህን የምትጽፈው እህትሽ ናት፤ ከአሁን በኋላ ነጥብ ብላ የራሷን እንዳትጨምር አስምያታለሁ። (ነጥብ።)

የመጨረሻውን ደብዳቤሽን አላነበበችልኝም። “ይህ የእኔ ነው” ብላ ወሰደችው፤ እኔም አልጠየቅሁም። ማታ ግን መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠችና “ሲያልፍ ብቻውን አልነበረም” አለችኝ። ከዚያ፣ ልጁ በማኅፀኗ ሳለ ያወጣችለት ስም እንደ ነበረ፣ ሞቶ ተወለደ ስለ ተባለ ለማንም ለመንገር አፍራ እንደ ኖረች ነገረችኝ። ስሙን በደብዳቤ አልጽፈውም፤ ስትመጪ ከራሷ አፍ ትሰሚዋለሽ። በጸሎት ጊዜ የሙታንን ስም የማነሣበት ደብተር እንዳለኝ ታውቂያለሽ። ቀን ቈጥሬ ነገርኋትና እርሷ ቦታውን ፈለገችልኝ፤ በስድስት ዓመት ስሞች መካከል ባዶ ቦታ የለም። ስለዚህ በኅዳጉ፣ በቀይ፣ በእርሷ እጅ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳነሣው፣ እርሷ አሜን ትላለች።

እኔም የራሴን አርሜያለሁ። የጠላት ሥራ ነው ያልሁት የእናት ጆሮ ነበረ። ስድስት ዓመት በገዛ ቤቴ አንድ መስመር ዘልዬ ሳነብ ኖሬያለሁ።

“ሁለተኛ ለማመልከት ፊት አለኝ ወይ?” ብለሽ ከመጨረሻው ደብዳቤሽ ግርጌ በእርሳስ ጽፈሽ ፍቀሽው እንደ ነበር እህትሽ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥታ አይታዋለች። ፊት አለሽ። እህትሽ የምትለው ይህን ነው፦ እናቶቹን ስትጠይቂ ዘመድሽ ናትና እርሷን ከቍጥር አታስገቢያትም ይሆናል፤ ግድ የለም። ጥያቄዎቹን ግን ከአንቺ ጋር ተቀምጣ ትጽፋለች። የትኛው ጥያቄ እንደሚያቆስል፣ የትኛው ስድስት ዓመት ሲጠበቅ እንደ ኖረ እርሷ ታውቃለችና። የመጀመሪያውን ግን ከወዲሁ ጽፋዋለች፤ “ምን ሰማሽ?” የሚል ነው። አንቺን ይቅር ብላሽ እንደ ሆነ ስጠይቃት “ሥራ ላይ እያለን ይመጣል” ትላለች። አትቸኩዪባት።

ስለ ሥራ ፈቃድሽ እጨነቃለሁ፤ አልዋሽሽም። የሚፈርዱብሽ ሰዎች ከፈረዱብሽም ቤትሽ እዚህ ነው። ደግሞ ለሚመጣው ሐሙስ ለዐይኔ ቀጠሮ ይዣለሁ። ቢላዋውን እንደ ፈራሁ ነው። ነገር ግን ጥናትሽ ሲጠረዝ በሰው አፍ ሳይሆን በገዛ ዐይኔ ላነበው፣ ቀይ ነጥብ የሚያሻው ቦታ ካለም ላኖርበት እፈልጋለሁ።

ለአዳም በአፍንጫው እፍ ያለበት ጌታ ትንፋሽሽን ያርዝምልሽ፤ እጅሽ የተቀበላቸውንና የሚቀበላቸውን ሕፃናት ሁሉ በመዳፉ ይያዝልን። ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁም ሁሉ፣ በቤታችሁ የሚያለቅስ ሕፃን አይጥፋ፤ ልቅሶውን የሚሰማ አይታጣ፤ የሰማም እንዳልሰማ አይሁን። ደጃችሁ በሰላም ይከፈት፣ በሰላም ይዘጋ። አሜን።

አጎትሽ፣ እትዬሽም